ስለ አሮጌ የቤት ዕቃ ንግድ፤ ምንድር ነው? የማንስ ነበረ?

የሰው ዕድሜ አጭር ነው፤ የዕቃው ዕድሜ ግን ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ይረዝማል። አያት የበሉበትን ሰሃን የልጅ ልጅ ይበላበታል፤ ሙሽራ የጠለፈችውም አንሶላ እርሷ ካለፈች በኋላ በሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ይገኛል። ዕቃ አፍ የለውምና የማን እንደ ነበረ አይናገርም፤ ስለ እርሱ የሚናገረው የሚሸጠው ሰው ነው። ሻጩ እውነቱን ከተናገረ ዕቃው ከነክብሩ ወደ አዲስ ቤት ይገባል፤ ሻጩ ከዋሸ ግን ዕቃው ምንም ሳይበድል የሐሰት ምስክር ሆኖ ይቀራል።

ክቡራን አንባብያን ሆይ! በዚህ ጽሑፍ ልንገልጽላችሁ ያሰብነው ከአውሮፓ ቤቶች እየተሰበሰበ ስለሚሸጠው አሮጌና ጥንታዊ የቤት ዕቃ ነው። በለንደን፣ በፓሪስና በአምስተርዳም የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ገበያ በአቅራቢያቸው ያገኙታል፤ በአሜሪካ ያሉትም ከአውሮፓ በመርከብ ተጭኖ የመጣውን በሱቅ ተደርድሮ ያዩታል። ከእነርሱም አንዳንዱ ለቤቱ ይገዛል፤ ሌላውም ገዝቶ መልሶ ለመሸጥ ያስባል። ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለነጋዴዎች በተውነው ነበር። ነገር ግን ወደ ቤት የሚገባ ዕቃ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ከዚህም በላይ በዚያው አገር ሐራጅና ሱቅ የራሳችን አባቶች ንዋየ ቅድሳት የተገኘበት ጊዜ ስላለ ጉዳዩ በቀጥታ ይነካናል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ዕቃው ከየት ይመጣል?

በአውሮፓ አገር አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት አረጋዊት ሲሞቱ፣ ልጆቹ ብዙ ጊዜ በሌላ ከተማ በጠባብ ቤት የሚኖሩ ናቸው። ዐሥራ ሁለት ሰው የሚቀመጥበት የእናት ገበታ፣ ግድግዳ የሚሞላው ቁም ሣጥን፣ በበዓል ቀን ብቻ የሚወጣው የሸክላ ሰሃን ሁሉ የሚገባበት ስፍራ ይታጣል። ስለዚህም ቤቱን ጠቅልሎ የሚገዛ ነጋዴ ይጠራል፤ ዕቃውም ከዚያ ተነሥቶ ከፊሉ ወደ ሐራጅ ቤት፣ ከፊሉም ወደ ሳምንታዊ ገበያ ይሄዳል። እንግዲህ የዚህ ንግድ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ኀዘን መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ነጋዴው በገባበት ቤት አንዳንድ ጊዜ የሟቹ መነጽር ገና ከአልጋው አጠገብ እንዳለ ነው።

ገበያዎቹም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ1883 ኢዩጂን ፑቤል የተባለ የፓሪስ አገረ ገዥ፣ እያንዳንዱ ባለ ቤት ለቆሻሻው ክዳን ያለው ማጠራቀሚያ እንዲያዘጋጅ አዘዘ፤ እስከ ዛሬም ፈረንሳዮች የቆሻሻ ማጠራቀሚያን በዚሁ ሰው ስም ይጠሩታል። እኛ ቆራሌው የምንላቸውን የሚመስሉ፣ ጨርቅና ብረታ ብረት ከመንገድ እየለቀሙ የሚኖሩ ድኾች ሥራቸው ስለ ጠበበባቸው፣ ከከተማው ቅጥር ውጭ ሴንት ኧዋን በተባለው ስፍራ ዕቃቸውን መሬት ላይ እየዘረጉ መሸጥ አዘወተሩ። ገበያው የተቋቋመበትን ዘመን ከ1885 ጀምሮ ይቆጥራል። ከአሮጌው ልብስና ፍራሽ ቁንጫ አይጠፋም ሲሉ ሰዎች «የቁንጫ ገበያ» አሉት፤ ስሙም ወደ ሌሎች አገሮች ቋንቋ ተሻገረ። ዛሬ ግን በዚያ ስፍራ የከበሩ ወንበሮችና መስተዋቶች የሚሸጡባቸው ሱቆች ተደርድረው ይታያሉ።

በሰሜን ፈረንሳይ በሊል ከተማ በየዓመቱ በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ የሚቆመው ታላቅ ገበያ ከመካከለኛው ዘመን የወረደ ነው። ጥንት የቤት አሽከሮች የጌቶቻቸውን አሮጌ ልብስና ዕቃ ሸጠው ለራሳቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ፈቃድ ይሰጣቸው እንደ ነበረ ይነገራል። በለንደን በበርመንዚ ደግሞ ዐርብ ገና ሳይነጋ ነጋዴዎች የእጅ ባትሪ ይዘው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዘዋወሩ ይታዩ ነበር፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያገኛልና።

ነጋዴው በዐሥር የገዛውን በሠላሳ ሸጠ ተብሎ ሲታማ እንሰማለን። ነገር ግን የሌሊት መንገዱ፣ የመኪናው ኪራይ፣ የተሰበረው፣ የሚጠገነውና ዓመት ሙሉ ገዥ አጥቶ የሚቀመጠው ሁሉ ከዚያው ትርፍ ላይ የሚቀነስ ነው። ብሪታንያም ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ፣ ከጃንዩወሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ባሕሩን የሚሻገር ዕቃ የጉምሩክ ወረቀት የሚጠየቅበት ሆኗል።

ዕድሜም ብቻውን ዋጋ አይሆንም። በብዙ አገሮች የጉምሩክ ሕግ አንድ ዕቃ «ጥንታዊ» ወይም አንቲክ የሚባለው መቶ ዓመት ሲሞላው ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን ነጋዴዎች «ቪንቴጅ» ይሉታል። ሆኖም መቶ ሃምሳ ዓመት የሞላው ከባድና ጥቁር ቡናማ ቁም ሣጥን፣ ቤቶች ስለ ጠበቡና የሰው ምርጫ ስለ ተለወጠ፣ ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ዋጋው እጅግ ወርዷል። በአንጻሩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዴንማርክ የተሠራ ቀላል ወንበር ከፍ ባለ ዋጋ ይፈለጋል። ስለዚህ «አሮጌ ነውና ውድ ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥም ቃሉ ማስረጃ አይሆንም።

ምንድር ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ለዚህም መልስ እንዲሆን የቀድሞ ሰዎች በዕቃው ላይ ምልክት ትተዋል። ከሁሉ የሚበልጠው በብር ዕቃ ላይ የሚገኘው ነው። በእንግሊዝ አገር በ1300 ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ ባወጣው ሕግ፣ የብር ዕቃ ተመርምሮ የነብር ራስ ምልክት ሳይመታበት እንዳይሸጥ ተከለከለ። በ1478 የተመረመረበትን ዓመት የሚያመለክት ፊደል ተጨመረ፤ በ1544ም የሚራመድ አንበሳ ምልክት ታየ። በ1773 የበርሚንግሃም ከተማ የራሷን መመርመሪያ ቤት ስታቋቁም ምልክቷ መልሕቅ ሆነ። ስተርሊንግ የሚባለው ብር ከ1000 እጅ 925 እጁ ንጹሕ ብር ነው። በፈረንሳይ ከ1838 ጀምሮ የሚነርቫ ራስ ይመታል፤ ይኸውም 950 ወይም 800 እጅ ብር መሆኑን ያመለክታል። በጀርመን ከ1888 ጀምሮ ጨረቃና ዘውድ ከብሩ ልክ ቁጥር ጋር ይገኛሉ። እነዚህን ጥቃቅን ምልክቶች በማጉያ መነጽር ማንበብ የቻለ ሰው፣ የማንኪያውን አገርና ዘመን ከማንኪያው ከራሱ ይማራል።

በ1840 ግን በበርሚንግሃም የኤልኪንግተን ቤት በኤሌክትሪክ ኀይል ሌላውን ብረት በብር የመለበጥን ጥበብ በመንግሥት መዝገብ አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ በብር የተለበጠ ሹካና ማንኪያ በየቤቱ ገባ። «ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ.» የሚሉት ፊደላት በኒኬል ቅይጥ ላይ የተለበጠ ብር ማለት ናቸው እንጂ ብር ማለት አይደሉም። የተለበጠው ዕቃም መልካም ነው፤ ለገበታ ያምራል፤ ዋጋውም አይጐዳም። በደሉ በዕቃው ላይ ሳይሆን «ብር ነው» ብሎ በሚሸጠው አንደበት ላይ ነው።

በሸክላ ዕቃም እንዲሁ ነው። በጀርመን አገር በሚሰን ከተማ በ1710 የተቋቋመው የፖርሴሊን ፋብሪካ ሁለት የተመሳቀሉ ሰማያዊ ሰይፎችን ምልክቱ ስላደረገ፣ ሌሎች ፋብሪካዎች ይህንኑ ምልክት እየመሰሉ ብዙ ዕቃ ሠርተዋል። ስለዚህ ሰይፉን ማየት ብቻውን አይበቃም፤ የሸክላው ንጽሕና፣ የሥዕሉ እጅ፣ የእግሩ አሠራር ሁሉ ይመረመራል። ከሰሃን በታች «ኢንግላንድ» የሚል ቃል ቢገኝ ግን ብዙ ጊዜ ዕቃው ከ1891 ወዲህ የተሠራ መሆኑን ያስረዳል፤ በዚያ ዓመት አሜሪካ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ የሚያስገድደውን ሕግ በሥራ ላይ አውላለችና። «ሁለት መቶ ዓመት የሞላው ነው» ተብሎ በሚሸጥ ሰሃን ላይ ይህ ቃል ሲገኝ ነገሩ በራሱ ተፈረደ ማለት ነው።

እንጨት ደግሞ ዘመኑን በሰውነቱ ይመሰክራል። ክብ ገበታ በጊዜ ብዛት በአንድ ወገን ስለሚሸበሸብ፣ በእውነት ያረጀ ከሆነ ሲለካ ክብነቱ የተስተካከለ ሆኖ አይገኝም። የመሳቢያውን ማዕዘን የሚያያይዙት፣ የእርግብ ጅራት የሚመስሉት ጥርሶች በእጅ የተቆረጡ እንደ ሆነ አንዱ ከሌላው ጥቂት ይለያል፤ በመኪና የተቆረጡት ግን አንድ ዐይነት ናቸው። ራሱ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብሎን በገበያ የታወቀው ከ1930ዎቹ ዓመታት ወዲህ ስለ ሆነ፣ በአሮጌ ሣጥን ላይ ቢገኝ ሣጥኑ ወይ ተጠግኗል፣ ወይ እንደ ተባለው አሮጌ አይደለም። የአንዱ ቁም ሣጥን ላይኛው ክፍል በሌላው ታችኛው ክፍል ላይ ተቀምጦ እንደ አንድ ዕቃ ሲሸጥ፣ የእንግሊዝ ነጋዴዎች ነገሩን «ጋብቻ» ብለው ይጠሩታል። ይህን ጋብቻ የሚያውቅ ሻጭ ለገዥው አስቀድሞ ቢነግረው ነውር የለውም፤ ሰውሮ ቢሸጥ ግን ማታለል ነው።

አንድ ምሳሌ ብቻ እንጨምር። በቀድሞው ዘመን በእንግሊዝ አገር የክርስትና አባትና እናት ለሕፃኑ የብር ማንኪያ ይሰጡ ነበር፤ በእጀታውም ጫፍ ላይ ከሐዋርያት የአንዱ ምስል ይቀረጽ ነበር። ሀብታሞች ዐሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ከጌታችን ምስል ጋር ዐሥራ ሦስት አድርገው ይሰጡ ነበር። እነዚህ ማንኪያዎች ውድ ስለ ሆኑ፣ አንዳንድ አታላዮች የተራ ማንኪያ ጫፍ ቆርጠው አዲስ የሐዋርያ ምስል በብየዳ አጣብቀውበታል። ማንኪያው እውነተኛ፣ ምልክቱም እውነተኛ ሆኖ ሳለ፣ ሐዋርያው ግን ትናንት የተወለደ ነው። ለሕፃን ክርስትና በበረከት የተሰጠን ነገር ለማታለያ ማድረግ እንዴት ያሳፍራል!

ለእመቤቶችም ጥቂት ማሳሰቢያ አለን። የመዳብ ድስት ውስጡ በቆርቆሮ የተለበጠ ነው፤ ልባጡ ተልጦ መዳቡ ከታየ እንደ ገና ሳይለበጥ ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ሌላ ኮምጣጣ ነገር አይቀቀልበት። አሮጌ ክሪስታል ጠርሙስ በውስጡ እርሳስ ስላለበት ለመቅጃ እንጂ መጠጥን ለብዙ ቀን ለማቆያ አይሆንም። የአሮጌ መብራት ገመድ ሳይለወጥ አይሰካ። እጀታው የዝሆን ጥርስ የሆነ ቢላዋም በብሪታንያ ከጁን 2022 ጀምሮ፣ በሕጉ ከተፈቀዱት ጥቂት ነገሮች ውጭ ከሆነ፣ መሸጡ የተከለከለ ነው።

የማንስ ነበረ?

ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይከብዳል፤ ምልክት አንብቦ የሚመለስ አይደለምና። በፈረንሳይ ሕግ ያገለገለ ዕቃ የሚነግድ ሰው፣ የገዛውን ዕቃ ዐይነትና የሸጠለትን ሰው ማንነት በመዝገብ የመጻፍ ግዴታ አለበት፤ ፖሊስም መዝገቡን ሊመለከተው ይችላል። በእንግሊዝ ግን እስከ 1995 ድረስ፣ በታወቀ ግልጽ ገበያ ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ ባለው ጊዜ በቅን ልቡና የተገዛ ዕቃ የተሰረቀ ቢሆን እንኳ ለገዥው የሚጸናበት ጥንታዊ ሕግ ነበረ። ሕጉ መሻሩ መልካም ሆነ፤ የገበያ ግርግር የሌባን እጅ ሊያነጻ አይችልምና።

በፈረንሳይ ገበያ ወፍራም የተልባ እግር አንሶላ ይሸጣል፤ በጥጉ ሁለት ፊደላት በቀይ ክር ተጠልፈው ይገኛሉ። ሙሽራይቱ ከሠርጓ በፊት በገዛ እጇ የጠለፈችው የስሟ መጀመሪያ ነው። አንዳንዱም ቁጥር ይጨመርበታል፤ አንሶላዎቹን በተራ ለማውጣት እንዲመች። ይህ ዕቃ ከልጅ ልጆቿ እጅ በፈቃድ የተሸጠ ከሆነ፣ የገዛችው ሴት ደስ ብሏት አልጋዋን ታልብስበት። ሳይፈቀድ የተወሰደ ቢሆንስ?

ነገሩ የተፈራ ብቻ ሳይሆን የተፈጸመ ነው። ከ1942 እስከ 1944 ባሉት ዓመታት የናዚ ጀርመን መንግሥት በፈረንሳይ፣ በቤልጅግና በኔዘርላንድ፣ የተሰደዱትንና ወደ ሞት የተጋዙትን አይሁድ ቤቶች አራቁቷል። የተራቈቱት ቤቶች ቍጥር ወደ 70,000 ይጠጋል። የተወሰደው ወርቅና ሥዕል ብቻ አልነበረም፤ አልጋ፣ ድስት፣ ሰሃን፣ የሕፃን መጫወቻ ሳይቀር ወደ ጀርመን እየተጫነ ቤታቸው በቦምብ ለፈረሰባቸው ሰዎች ይሰጥ ነበር። በሐምቡርግ ከተማም የአይሁድ የቤት ዕቃ በሐራጅ ለሕዝብ ተሽጧል። ገዥዎቹ አብዛኞቹ ተራ ሰዎች ነበሩ፤ ዕቃውን በርካሽ ሲያገኙ የማን እንደ ነበረ አልጠየቁም፤ ወይም እያወቁ ዝም አሉ። ያ ሰሃን ዛሬም በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

እኛም ከዚህ ዐይነቱ ታሪክ ውጭ አይደለንም። በኤፕሪል 1868፣ በእኛ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ካረፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን አምባና ቤተ ክርስቲያኑን ዘረፈ። ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንደ ተጫኑ ተጽፏል። ከዚያም በደላንታ ሜዳ ለሁለት ቀን ሐራጅ ተጮኸ፤ የተገኘውም ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። መስቀሉ፣ ጽዋው፣ የብራናው መጽሐፍ ከፊሉ ወደ ቤተ መዘክር ሲገባ፣ ከፊሉ ደግሞ በመኮንኖች ሣጥን ተጭኖ ወደ ቤታቸው ሄደ። ከአባት ወደ ልጅም ሲወርድ «የአያታችን የጦር ሜዳ መታሰቢያ» ተባለ እንጂ የተዘረፈ ዕቃ መሆኑ ተረሳ።

ስለዚህ ነው በ2001 በኤዲንብራ ከተማ ባንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት የተገኘው፤ ያገኙትም ካህን ነገሩን ስለ ተረዱ ታቦቱ በ2002 ወደ አገሩ ተመለሰ። ስለዚህም ነው በ2021 በእንግሊዝ አገር በዶርሴት፣ በእጅ የተጻፈ ቅዱስ መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለሐራጅ ቀርበው የነበሩት፤ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ጥያቄ ከሐራጁ ከወጡ በኋላ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገዝቶ በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ አስረክቧል። የቅርብ ዘመን ስርቆትም አለ። «አፍሮ አይገባ» የተባለው የላሊበላ መስቀል በ1997 ተሰርቆ፣ በቤልጅግ አገር ከተገኘ በኋላ በ2001 ወደ ላሊበላ ተመለሰ።

እንግዲህ የሐራጅ መዶሻ መመታቱ ለባለቤትነት መሠረት ሊሆን ይችላል፤ ግፍን ወደ ጽድቅ ለመለወጥ ግን ኀይል የለውም። ደላንታ ላይ የከፈለ ሰው ገንዘብ መክፈሉ እውነት ነው፤ የከፈለው ግን ለባለቤቱ አልነበረም።

ለቤተሰብ የሚጠቅም ምክር

ለቤታችሁ የምትገዙ ሆይ፣ ዕቃውን ከማድነቃችሁ በፊት ገልብጣችሁ ከታች ተመልከቱት። ሻጩን «ምንድር ነው? ከማን ገዛኸው? ተጠግኗልን?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የተናገረውንም በደረሰኙ ላይ እንዲጽፈው ለምኑት። እውነተኛ ነጋዴ በዚህ አይቈጣም። በቃል «የነገሥታት ዕቃ ነው» እያለ በጽሑፍ ግን «ማንኪያ» ብቻ የሚል ሰው ከሆነ፣ የምትከፍሉት ለማንኪያ የሚገባውን ብቻ ይሁን።

በዚህ ንግድ ለመኖር የምታስቡ ሆይ፣ ጉድለቱን ገዥው ሳያገኘው ራሳችሁ አሳዩት። የተሰነጠቀውን ተሰንጥቋል፣ የተለበጠውን ተለብጧል በሉ። የምትገዙትንና የገዛችሁበትን ሁሉ በመዝገብ ጻፉ። ኀዘንተኛ ቤት ስትገቡም የዕቃውን ዋጋ የማያውቁ ወራሾችን አታታልሉ፤ በመሳቢያ ውስጥ ፎቶግራፍ ወይም ደብዳቤ ብታገኙ መልሳችሁ ስጧቸው። አንድ ጊዜ የታመነ ነጋዴን ገዥው ከሩቅ አገር ፈልጎ ይመጣበታል።

በገበያ ወይም በሐራጅ መዝገብ ላይ የግዕዝ ብራና፣ የእጅ መስቀል፣ ጽዋ ወይም ታቦት የሚመስል ነገር ብታዩ፣ ከርኅራኄ ብዛት የተነሣ ፈጥናችሁ በድብቅ አትግዙ፤ በዚህ መንገድ ሌላ ሌባ ይደፋፈራልና። የተሸጠበትን ስፍራና ቀን፣ የሐራጁንም ቍጥር ጻፉ፤ በአቅራቢያችሁ ላለው ቤተ ክርስቲያንና ለኢትዮጵያ ኤምባሲ አስታውቁ። የዶርሴቱ ሐራጅ እንዳሳየን በጊዜው የደረሰ ጥያቄ ሐራጅን ሊያስቆም ይችላል።

በመጨረሻም ለሁላችሁ የሚሆን አንድ ሥራ አለ። በቤታችሁ ያለውን የእናታችሁን ጀበና፣ የአባታችሁን ዳዊት፣ የአያታችሁን ሞሰብ ዛሬ አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ «ይህን ማን ሠራው? ከየት መጣ? ለማንስ ይሁን ትላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ከዕቃው ጋር አስቀምጡ። ይህ ወረቀት ያለው ዕቃ ወደ ማንም እጅ ቢገባ ታሪኩ አይጠፋም፤ ሻጭም ሊዋሽበት አይችልም።